በጽሕፈት ኮምፒዩተር ላይ ያለውን የመሣሪያ መደርደሪያ ለየመሥሪያ ቤቱ ሥራ አስማምቶ ስለ ማዘጋጀት

ይህ ትምህርት በታችኛው የአዋሽ ሸለቆ፣ ይልቁንም በአሳይታና በአካባቢዋ ለሚያስተዳድሩ የወረዳ ሹማምንት፣ ለእርሻና ለከብት ጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች፣ እንዲሁም ሰፊ እርሻ ይዘው የሠራተኛና የምርት መዝገብ ለሚያስጽፉ ባለ እርሻዎች የተጻፈ ነው። ነገሩ ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል። ኮምፒዩተሩን የሚጫነው ጸሐፊው ነው እንጂ ሹሙ አይደለምና «ይህ እኔን ምን ያገባኛል» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን የጸሐፊው እጅ በዘገየ መጠን የሹሙ ትእዛዝ ይዘገያል፤ የጸሐፊው ቁጥር በተሳሳተ መጠን የሹሙ ፊርማ በስሕተት ላይ ያርፋል። ስለዚህ ሹሙ ራሱ ቁልፉን ባይጫን እንኳ፣ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ዐውቆ ያዝዝ ዘንድ ይገባዋል።

ደብዳቤ የሚጻፍበት ማይክሮሶፍት ዎርድ ወይም ሒሳብና ሠንጠረዥ የሚሠራበት ኤክሴል በተከፈተ ጊዜ፣ በስክሪኑ ራስጌ በረድፍ የተደረደሩ ትንንሽ ሥዕሎች ይታያሉ። እያንዳንዱ ሥዕል አንድ ትእዛዝ ነው፤ አንዱ ያስቀምጣል፣ አንዱ ያትማል፣ አንዱ ይደምራል። ይህን ረድፍ ፈረንጆች ቱልባር ይሉታል። በአማርኛ የመሣሪያ አሞሌ የሚሉት አሉ፤ እኛ ግን ሥራውን ስለሚገልጸው በዚህ ጽሑፍ መደርደሪያ እንለዋለን።

የእርሳስ ፊደል በእጅ ይለቀም በነበረበት ዘመን፣ የአውሮፓ አታሚዎች ፊደሎቻቸውን በተከፋፈለ ሣጥን ያኖሩ ነበር። አዘውትሮ የሚመጣውን ፊደል ከእጃቸው አጠገብ በሰፊው ክፍል፣ አልፎ አልፎ የሚመጣውን ደግሞ በዳር በጠባቡ ክፍል ያስቀምጡት ነበር። ይህ ሥርዓት ለእኛ ፊደል ይብስ ያሻ ነበር፤ ከሀ እስከ ፐ ሰባት ሰባት እየሆነ ከ200 ይበልጣልና። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛን የጽሕፈት መኪና ባዘጋጁ ጊዜ የደከሙበትም ነገር ይኸው ነበር፤ ብዙውን ፊደል በጥቂት መምቻ ማኖር። የዛሬው ኮምፒዩተር የፊደሉን ችግር አቃልሎልናል፤ በምትኩ ግን የትእዛዝ ብዛት አምጥቶብናል። በዎርድ ውስጥ ከሺህ የሚበልጥ ትእዛዝ አለ። አንድ የወረዳ ጸሐፊ ከዚህ ሁሉ ውስጥ ዘወትር የሚነካው ከ20 ብዙ አያልፍም፤ የቀረው ባዕድ ዕቃ ሆኖ መንገዱን ይዘጋበታል።

እስከ 2003 በፈረንጅ አቆጣጠር በወጣው ኦፊስ፣ ሠራተኛው መደርደሪያዎቹን እንደ ወደደ ያወጣ፣ ያስገባ፣ ካንዱ ጎን ወደ ሌላው ጎን ያዛውር ነበር። በ2007 ግን ማይክሮሶፍት ያን ለውጦ ሪባን የተባለውን ሰፊ ረድፍ አመጣ። ትእዛዛቱ በየክፍሉ ተመደቡ፤ ለሠራተኛው ፈቃድ የቀረለት ኩዊክ አክሰስ ቱልባር የሚባል አንድ ትንሽ መደርደሪያ ብቻ ሆነ። ብዙዎች ስላጉረመረሙ በ2010 በወጣው ኦፊስ ሪባኑን ራሱን ማሻሻል፣ የራስንም ክፍል ማውጣት ተፈቀደ። ይሁን እንጂ በእኛ አስተያየት ለወረዳ ጽሕፈት ቤት ሥራ ትንሹ መደርደሪያ ይበቃል፤ ሪባኑን ማፍረስና መሥራት ግን ጊዜ የተረፈው ሰው ሥራ ነው።

አሳይታ የቀድሞው የአውሳ ሡልጣኖች መቀመጫ፣ ሰመራም ከመመሥረቷ አስቀድሞ የአፋር ክልል ርእሰ ከተማ የነበረች ናት። አዋሽ ከደጋ ወርዶ በመጨረሻ አቤ ሐይቅ ገብቶ የሚቀረው በዚህች አገር በኩል አልፎ ነው፤ ወደ ባሕር አይደርስም። እንግዲህ ወንዙ በላይኛው አገር የጠጣው የክረምት ዝናብ ሁሉ እዚህ ይወርዳል። በነሐሴ 2012 ዓመተ ምሕረት አዋሽ ሞልቶ አሳይታን ጨምሮ በብዙ የአፋር ወረዳዎች ሕዝቡን ከቤቱ አፈናቀለ፣ እርሻውንም አጠፋ። በዚያው ዓመት የበረሃ አንበጣ አገሩን ወርሮት ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ ከቀበሌ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ሰመራ የሚሄደው ወረቀት አይዘገይም፤ ሊዘገይም አይገባውም። ስንት ሔክታር በውኃ ተያዘ፣ ስንት ከብትና ስንት ግመል ሞተ፣ ለየትኛው ቀበሌ ስንት ኩንታል ዘርና መኖ ያሻል የሚለው ሁሉ በሠንጠረዥ ይጠየቃል። ሙቀቱ ሳይጠና በማለዳ ያልተፈጸመው ወደ ቀትር ይዛወራል፤ በቀትር ደግሞ መብራት ይጠፋ ይሆናል።

እስኪ በግምት እንቁጠረው። ጸሐፊው አንድን ትእዛዝ ከሪባኑ ውስጥ ፈልጎ እስኪያገኝ 10 ሴኮንድ ቢፈጅበትና ይህን በቀን 60 ጊዜ ቢያደርግ፣ ያለ ሥራ የሚያልፈው 10 ደቂቃ ነው። ስምንት ጸሐፊ ላለበት ቤት በቀን 80 ደቂቃ፣ በአምስት የሥራ ቀን 400 ደቂቃ፣ ይኸውም 6 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይሆናል። ነገር ግን ከደቂቃው ይልቅ የሚከፋው የሐሳብ መቋረጥ ነው። የቀበሌዎችን ቁጥር እያነበበ የሚያስገባ ሰው ዓይኑን አንሥቶ አንድ ሥዕል ፍለጋ በሄደ ቁጥር፣ ሲመለስ የት መሥመር እንደ ነበረ ይጠፋዋል። ሁለት ጊዜ የተጻፈ ቀበሌና ጨርሶ የተዘለለ ቀበሌ በብዛት የሚገኘው ከዚህ የተነሣ ነው።

መደርደሪያውን ከማዘጋጀት አስቀድሞ ማንም ምንም አይንካ። መጀመሪያ ለአንድ ሳምንት ያህል ከየኮምፒዩተሩ አጠገብ አንድ ወረቀት ይቀመጥ። ጸሐፊው ከሪባኑ ፈልጎ ያወጣውን ትእዛዝ ሁሉ ስሙን ይጻፍ፤ በደገመውም ቁጥር አንድ ጭረት ይጨምርበት። በሳምንቱ መጨረሻ ጭረት የበዛበት ትእዛዝ የትኛው እንደ ሆነ ወረቀቱ ራሱ ይናገራል። ይህን ሳያደርጉ ከአለቃ አፍ በተነገረ ዝርዝር መደርደሪያ ማዘጋጀት፣ የማያውቁትን ሰው ልክ ሳይለኩ ልብስ እንደ መስፋት ነው። የሒሳብ ሹሙ የሚያሻው አንድ ነው፤ የከብት ሐኪሙ ጸሐፊ የሚያሻው ሌላ ነው። ለሁሉ አንድ መደርደሪያ ይሁን የሚል ሰርኩላር ባይወጣ ይሻላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የተፈለገው ትእዛዝ በሪባኑ ላይ ባለበት፣ ማውዙን በላዩ አድርሶ ቀኙን ቁልፍ መጫን፤ ከሚወርደው ዝርዝር «አድ ቱ ኩዊክ አክሰስ ቱልባር» የሚለውን መምረጥ። ሥዕሉ ወዲያው በትንሹ መደርደሪያ ላይ ይሰፍራል። ለማንሣት ሲሻ በመደርደሪያው ላይ ባለው ሥዕል ቀኙን ቁልፍ ተጭኖ «ሪሙቭ» የሚለውን መምረጥ ነው። በቅርብ ጊዜ በወጣው ኦፊስ መደርደሪያው ተሸሽጎ ቢገኝ፣ በሪባኑ ላይ ቀኙን ቁልፍ ተጭኖ «ሾው ኩዊክ አክሰስ ቱልባር» ቢሉት ይወጣል። ከሪባኑ በታች እንዲሆን ማድረግም ይቻላል፤ ለእጅ ስለሚቀርብና ሥፍራውም ስለሚሰፋ እኛ ይህን እንመርጣለን።

ትእዛዛቱን ቅደም ተከተል ለማስያዝ ግን በመደርደሪያው ጫፍ ያለችውን ትንሽ ቀስት ተጭኖ «ሞር ኮማንድስ» ወደሚለው መግባት ያሻል። በግራ በኩል የትእዛዛት ዝርዝር፣ በቀኝ በኩል የተመረጡት ይታያሉ፤ በመካከል «አድ» እና «ሪሙቭ» የሚሉ ሁለት ቁልፎች አሉ። በግራ ከላይ ባለው ሣጥን «ኮማንድስ ኖት ኢን ዘ ሪባን» የሚለው ቢመረጥ በሪባኑ ላይ ጭራሽ የማይታዩ ትእዛዛት ይወጣሉ፤ ብዙ ሰው ይህን በር አያውቀውም። በቀኝ ከላይ ደግሞ «ፎር ኦል ዶክዩመንትስ» የሚለው መመረጡን አስተውሉ። እርሱን ትቶ የአንዱን ጽሑፍ ስም የመረጠ እንደ ሆነ፣ መደርደሪያው በዚያ ጽሑፍ ላይ ብቻ ይሠራል፤ ሌላ ጽሑፍ ሲከፈት የደከመበት ሁሉ ይጠፋበታል።

ቅደም ተከተሉ ለውበት አይደለም። አልት የተባለው ቁልፍ በተጫነ ጊዜ በመደርደሪያው ላይ ባሉት ሥዕሎች ሥር 1፣ 2፣ 3 እያለ ቁጥር ይወጣል። አልትን ተጭኖ ቁጥሩን መምታት ማውዙን ሳይነኩ ትእዛዙን ያስፈጽማል። እስከ 9 ያሉት በአንድ አኃዝ ይታዘዛሉ፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ሁለት ምልክት ይጠይቃሉ። እንግዲህ ጭረት የበዛባቸው ዘጠኙ በመጀመሪያ ይደርደሩ። ግመል የሚጭን ሰው ማታ በሰፈረበት አስቀድሞ የሚያሻውን ዕቃ ከሥር አይቀብረውም። ከ15 በላይ ሥዕል የደረደረ ግን ሪባኑን በጠባብ ሥፍራ ደገመው እንጂ ምንም አላቃለለም።

ለደብዳቤ ጸሐፊ የሚረቡትን ጥቂት እንጥቀስ። አንደኛው «ኩዊክ ፓርትስ» የሚሉት ነው። የመሥሪያ ቤታችን ደብዳቤ ቁጥር፣ ቀን፣ ጉዳዩ፣ ከሠላምታ ጋር፣ ግልባጭ እያለ ሁልጊዜ ባንድ መልክ ይሄዳል። ጸሐፊዎች ግን ይህን ለማግኘት የአምናውን ደብዳቤ ከፍተው በላዩ ላይ ይጽፋሉ። ከዚህ የተነሣ የአሮጌው ደብዳቤ ቁጥር ወይም ግልባጭ በአዲሱ ላይ ተረስቶ ይቀራል፤ አንዳንድ ጊዜም አሮጌው ደብዳቤ ራሱ ይጠፋል። ዘወትር የሚደገመውን ክፍል አንድ ጊዜ ጽፎ፣ መርጦ፣ በኩዊክ ፓርትስ ማኖር፣ ሥዕሉንም ከመደርደሪያው ማድረግ ይህን ሁሉ ያስቀራል። ሁለተኛው ጽሑፉን ብቻ የሚለጥፈው ትእዛዝ ነው። ከሌላ መሥሪያ ቤት ከመጣ ጽሑፍ ቀድቶ ሲለጥፍ የዚያ ፎንትና ቀለም አብሮ ይመጣል፤ «ኪፕ ቴክስት ኦንሊ» የሚለው ግን ቃሉን ብቻ አምጥቶ መልኩን ይተዋል። በአሳይታ ይህ እጅግ ይጠቅማል፤ አንዱ ደብዳቤ በአማርኛ በግእዝ ፊደል፣ ሌላው በአፋርኛ በላቲን ፊደል ይጻፋልና፣ ሁለቱም ባንድ ገጽ ሲገናኙ መልኩ ይዘበራረቃል። ከአንዱ ፊደል ወደ ሌላው ለመሻገር የዊንዶውስን ቁልፍ ይዞ ረጅሙን የባዶ ቦታ ቁልፍ መምታት ነው፤ ይህ ከመደርደሪያው ውጭ ቢሆንም ማንም ጸሐፊ ሳያውቀው አይደር።

ስለ ፊደል ከተነሣ አይቀር አንድ ነገር እንጨምር። ፊደላችን ዩኒኮድ በተባለው የዓለም የፊደል መዝገብ የገባው በፈረንጅ አቆጣጠር በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ሥርዓት በተሠሩ ፎንቶች የተጻፈ ደብዳቤ፣ ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት የማይነበብ የፈረንጅ ምልክት ይሆናል። እስካሁን በአሮጌ ፎንት የሚጽፍ ጸሐፊ ካለ፣ መደርደሪያውን ከማሳመሩ አስቀድሞ ይህን ይተው።

በኤክሴል ያለው ነገር ግን ከዚህ ይጠብቃል፤ ስሕተቱ በዓይን አይታይምና። የኛን የቀን አቆጣጠር ኤክሴል አያውቅም። ቀን አስቀድሞ እንዲጻፍ በተስተካከለ ኮምፒዩተር ላይ ነሐሴ 5 ቀን 2012ን 5/12/2012 ብሎ ያስገባ እንደ ሆነ የፈረንጅ ዲሴምበር 5 አድርጎ ይቀበለዋል። ጥቅምት 30ን 30/2/2012 ብሎ ቢያስገባ ደግሞ ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን በፈረንጅ ስለ ሌለ፣ ቀን መሆኑን ሳያምን ተራ ጽሑፍ አድርጎ ይተወዋል። ጳጉሜንማ 13ኛ ወር ናትና በምንም አይቀበላትም። ስለዚህ ባንድ ዓምድ ውስጥ እኩሌታው ቀን፣ እኩሌታው ጽሑፍ ይሆናል፤ በቀን ቅደም ተከተል ይደርደር ቢሉት የጥቅምት ዝናብ ከነሐሴ ጎርፍ ጋር ይደባለቃል። መድኃኒቱ እንዲህ ነው፦ «ነምበር ፎርማት» የሚለውን ሣጥን ከመደርደሪያው ማድረግ፤ ቀን የሚጻፍበትን ዓምድ ከመጻፍ አስቀድሞ መርጦ «ቴክስት» ማለት፤ ቀኑንም ዓመቱን በማስቀደም፣ ወሩንና ቀኑን በሁለት በሁለት አኃዝ፣ በነጥብ ለይቶ 2012.12.05 ብሎ መጻፍ። እንዲህ የተጻፈ ቀን በተራ ጽሑፍነቱም ቢደረደር ቅደም ተከተሉን አይስትም። ነገር ግን ይህ «ቴክስት» የተባለው ለቀኑ ዓምድ ብቻ ነው። የከብት ቁጥር ወይም የኩንታል ዓምድ ቴክስት የሆነ እንደ ሆነ ድምሩ ቁጥሮቹን ይዘላቸዋል፤ ምንም ሳይናገር ይዘላቸዋል። እንደ ፩ እና ፪ ባሉ በግእዝ አኃዝ የተጻፈም እንዲሁ አይደመርም።

ሁለተኛው አደጋ በመደርደር ላይ ነው። ከሀ ወደ ፐ የሚደረድረውን ትንሽ ሥዕል ብዙዎች ከመደርደሪያቸው ያኖሩታል፤ እኛ አንመክረውም። የቀበሌዎች ስም ያለበት ዓምድ ብቻውን ተመርጦ ይህ ሥዕል ሲጫን፣ ኤክሴል «የቀረውን ልጨምር ወይስ ይህን ብቻ ልደርድር» ብሎ በእንግሊዝኛ ይጠይቃል። ጸሐፊው ሳያነብ ሁለተኛውን የመለሰ እንደ ሆነ፣ የቀበሌዎቹ ስም ቦታውን ይለውጣል፣ ቁጥሮቹ ግን በነበሩበት ይቀራሉ። ሠንጠረዡ ንጹሕ መስሎ ይታያል፤ ድምሩም አይለወጥም፤ ነገር ግን ጎርፍ ያልነካው ቀበሌ መኖ ይላክለታል፣ እርሻው የተወሰደበት ቀበሌ ይቀራል። በሠንጠረዡ መካከል ባዶ ዓምድ ያለ እንደ ሆነም ያለ ምንም ጥያቄ ከባዶው ወዲያ ያለው ሳይደረደር ይቀራል። ስለዚህ ከመደርደሪያው የሚገባው «ሶርት» የሚለው ዐረፍተ ነገሩን የሚከፍተው ትልቁ ትእዛዝ ይሁን፤ እርሱ በየትኛው ዓምድ እንደሚደረደር አስቀድሞ ያስመርጣልና። በሠንጠረዥም ውስጥ ለውበት ተብሎ ባዶ ዓምድ አይተው።

ከዚህ ሌላ በኤክሴል የሚጠቅሙት «ፍሪዝ ፔንስ»፣ «ፊልተር»፣ «አውቶሰም» እና «ፕሪንት ታይትልስ» ናቸው። የመጀመሪያው ወደ ታች ሲወርዱ የዓምዶቹ ርእስ ከዓይን እንዳይጠፋ ያደርጋል፤ የመጨረሻው ሠንጠረዡ ብዙ ገጽ ሆኖ ሲታተም ርእሱ በየገጹ ራስ እንዲደገም ያደርጋል። ርእስ የሌለው ሁለተኛ ገጽ ይዞ ለፊርማ የሚቀርብ ጸሐፊ ካለ፣ ሹሙ ሳይፈርም ይመልሰው።

መብራት ስለሚጠፋበት አገር ይህን ደግሞ እናስታውስ፦ «ኦፕሽንስ» ውስጥ «ሴቭ» በሚለው ክፍል ኮምፒዩተሩ ጽሑፉን በየ10 ደቂቃው ለጥንቃቄ እንዲይዝ ተደርጎ ይገኛል። ይህን በየ2 ወይም በየ3 ደቂቃው ማድረግ ይሻላል። ይህም ቢሆን የማስቀመጫውን ሥዕል አይተካውም፤ ያ ሥዕል ከመደርደሪያው መጀመሪያ አይነሣ። ከጎኑም የሚያጠፋ ወይም የሚዘጋ ትእዛዝ አይቀመጥ።

መደርደሪያው በኮምፒዩተሩ ላይ የሚታወቀው በተጠቃሚው ስም ነው። ስለዚህ አንድ ኮምፒዩተር ሦስት ጸሐፊ የሚሠራበት ቤት ለየአንዳንዱ የመግቢያ ስም ቢወጣለት፣ አንዱ የሌላውን መደርደሪያ ሳያፈርስ ሁሉም የራሱን ይዞ ይኖራል። የዎርድና የኤክሴል መደርደሪያም ለየብቻ ነው፤ ባንዱ የተሠራው በሌላው አይታይም።

ተዘጋጅቶ ካለቀ በኋላ ኮምፒዩተሩ ቢበላሽ ወይም ዊንዶውሱ እንደ ገና ቢጫን እንዳይጠፋ፣ በዚያው በ«ሞር ኮማንድስ» ገጽ ግርጌ «ኢምፖርት ኤክስፖርት» የሚል አለ። «ኤክስፖርት» ቢሉት መደርደሪያው በአንዲት ትንሽ ፋይል ይወጣል፤ እርስዋን በፍላሽ ወስዶ በሌላ ኮምፒዩተር «ኢምፖርት» ማድረግ ነው። ነገር ግን ይህ በዚያኛው ኮምፒዩተር የነበረውን መደርደሪያ ሽሮ ይተካል እንጂ አይጨምርበትም፤ ስለዚህ የባለቤቱ አስቀድሞ ይውጣና ይቀመጥ። ፋይሉም የጸሐፊው ስም፣ የመርሐ ግብሩ ስምና ቀኑ ተጽፎበት ከመዝገብ ቤቱ ሌሎች ፋይሎች ጋር ይያዝ።

ማይክሮሶፍት ኦፊስን ገዝተው ያልያዙ ባለ እርሻዎች ሊብሬ ኦፊስ የተባለውን ያለ ዋጋ ማግኘት ይችላሉ። በእርሱ ላይ መደርደሪያዎቹ እንደ ቀድሞው ሥርዓት በረድፍ ተደርድረው ይገኛሉ፤ «ቱልስ» ከሚለው ዝርዝር «ከስተማይዝ» ውስጥ ገብቶ «ቱልባርስ» በሚለው ገጽ ትእዛዝ መጨመር፣ ማንሣት፣ ወደ ላይና ወደ ታች ማዛወር ይቻላል። በዚያ የማይፈለገውን ሥዕል ማንሣት አያስፈልግም፤ በስሙ ፊት ያለችውን ምልክት ማጥፋት ይበቃል፤ በተፈለገ ጊዜ መልሶ ምልክቷን ማድረግ ነው።